በጨለማ የሚቋረጥ ወግ

መብራት ሲጠፋ የእኛ ቤት ወግ ይደምቃል። ሻማ እስኪፈለግ የተጀመረው ቀልድ ሻማው ከበራም በኋላ ይቀጥላል። አንባቢም ሳይታዘበው የቀረ አይመስለኝም፤ በጨለማ ሰው ይበልጥ ያወራል። ይህ ለሰው ሁሉ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር፤ መስማት የተሳነው ወዳጄ በምልክት ቋንቋ እያወጋኝ ሳለ መብራት እስከጠፋበት ምሽት ድረስ። ወጉ እንደ ክር ተበጠሰ። ክብሪት ብጭር ፊቱን አየሁት፤ ግን ክብሪት የያዘ እጅ መልስ መስጠት አይችልም።

የመብራት መጥፋትስ የማንም ጥፋት አይደለም እንበል (ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም)። ጥያቄ የፈጠረብኝ ሆን ተብሎ የሚመጣው ጨለማ ነው። ደህና የሚባሉ ብዙ ምግብ ቤቶች ሲመሽ መብራታቸውን ያደበዝዛሉ፤ ለጥንዶች ይመቻል ተብሎ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ በሩም ለሁሉ ክፍት ነው። ወዳጄ ግን እንደ ማንኛችንም ሂሳቡን ከፍሎ አንደበቱን ተነጥቆ ይቀመጣል። ለመሆኑ ክፋት ያላሰበው በደል በደል አይባልም?

አንድ ጊዜ አስተናጋጁን ለምነን መብራት ተጨመረልን። ልጁ ደግ ነው፤ ሮጦ አበራልን። ከጎናችን የነበሩት ጥንዶች ዞር ብለው አዩን። ወዳጄም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አስተናጋጁንም ጥንዶቹንም አመሰገነ። እኛ ሹካ ሲመጣልን እንዲህ ጎንበስ ብለን አናመሰግንም። ያሳሰበኝ ይኸው ምስጋና ነው። መቼም ለመስጠት የምንሰንፍ ሰዎች አይደለንም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመስጊድ በር ለተቀመጠ እጃችን ይዘረጋል። ምጽዋት ግን ለማኝ ይፈልጋል። ዛሬ የለመነም ነገ በሌላ ቤት እንደገና ይለምናል።

ሕግ የሚያስፈልገው ደግነት ሲጠፋ ነው ይባላል። እኔ ደግነት ባለበትም ያስፈልጋል ባይ ነኝ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሕንፃ መለኪያዎችን አስከትሏል፤ ከነዚህ አንዱን እወደዋለሁ። በመተላለፊያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መብራት፣ ከወለሉ ከ27 ኢንች በላይና ከ80 ኢንች በታች ከሆነ፣ ከግድግዳው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በላይ መውጣት የለበትም። ምክንያቱ የዓይነ ስውሩ በትር ነው፤ በትሩ ወለል ወለሉን ይዳስሳል እንጂ ግንባር ትይዩ ያለውን አያገኝም። እንግዲህ መብራቱ ልኩ የተቆረጠው ብርሃኑን ለማያይ ሰው ነው። ዓይነ ስውሩም ማንንም አያመሰግንም፤ ግንባሩ ሳይመታ ማለፉን እንኳ ልብ አይለውም።

ያው ሕግ ስለ ብርሃን መጠን ሲሆን ቁጥብ ነው። በሊፍት ውስጥ ቁልፎቹ ዘንድ ቢያንስ 54 ሉክስ ይጠይቃል፤ ለምግብ ጠረጴዛ ግን ቁጥር አላስቀመጠም። ብርሃን እንደ ኢንች በቀላሉ አይለካማ! ከተናጋሪው ጀርባ ያለ ብርቱ መብራት ፊቱን ጥላ ያደርገዋል፤ የዓይን ሞራ ያለባቸውን እናት ደግሞ የሚያብለጨልጭ እብነ በረድ ከጨለማ ባልተናነሰ ያሳውራቸዋል። በዋሽንግተን በሚገኘው መስማት የተሳናቸው ዩኒቨርሲቲ፣ በጋሎዴት፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተካሄደው የንድፍ ጥናት የመረጠው ለስላሳና የተሰራጨ ብርሃንን፣ እጅና ፊትንም ለይቶ የሚያሳይ የግድግዳ ቀለምን ነው።

የእኛው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ መግቢያ፣ መጸዳጃ ቤትም እንዲያዘጋጅ አዝዞ ነበር። ትልቅ ነገር ነበር። በዚያ አንቀጽ ስለ ብርሃን ግን አንዲት ቃል አልነበረችም። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ደግሞ ተደራሽነት ከሕንፃ አልፎ መግባባትንም እንደሚጨምር ይናገራል።

«ታዲያ የቤቴ ውበት ይጥፋ?» የሚል ባለቤት ይኖራል። አዳራሹ ሁሉ ይንቦግቦግ አልተባለም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ለተቀመጠው ሰው እጅ ቅርብ ቢሆን ይበቃል። ያ እስኪሆን እኔና ወዳጄ የማእድ ቤቱ በር አጠገብ እንቀመጣለን፤ ከውስጥ የሚያፈተልከው ብርሃን ለእጆቹ ይበቃዋል። የሽንኩርቱ ሽታና የሳህኑ ጋጋታ እኔን ያማርረኛል። እሱ ግን ይስቃል፤ ምግቡ ከሁሉ ቀድሞ ለእኛ ይደርሳል ይለኛል።