ከኮሮጆው በፊት ያለችው ክፍል

ለመሆኑ መምረጥ ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው የክፍል ውስጥ ጥያቄ ይመስላል። እኛም እስካለፈው የጥር ዕረፍት ድረስ ለፈተና አጥንተን ከፈተና በኋላ ከምንረሳቸው ጥያቄዎች እንደ አንዱ አድርገን ነበር የያዝነው። ሸቤ ሄደን ከተመለስን ወዲህ ግን አልለቅ ብሎናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ መጽሔት አዘጋጆች መካከል ሦስታችን የሸቤ ልጆች ነን። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ሸቤን አያጣትም፤ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት የምትገኝ፣ ኑሮዋ በቡና የሆነ ከተማ ናት። በዚያ ሰሞን የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የሊቀ መንበርነት ቦታ ክፍት ሆኖ ስብሰባ ተጠራ። አባቶቻችን ጀንፈል ሊያሰጡ ቀርተው ስለነበር እኛ በውክልና ገባን።

ቦታውን ሁለት ሰዎች እንደሚፈልጉት አገር ያውቃል። አንደኛው ስለ ሚዛን ሲሟገት የኖረ ሰው ነው፤ ጆንያው ሲመዘን አጠገቡ ቆሞ ዐይኑን ከመርፌዋ የማያነሣ፣ ነገር የሚያበዛም ቢባል ሐሰት ያልሆነ። ሁለተኛው ለስላሳና ሰው አክባሪ፣ ከበላይ ካሉት ጋር የሚግባባ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ስብሰባው ሲከፈት ታዲያ ከፊት ከተቀመጡት አንዱ ተነሥቶ አንድ ስም ብቻ አነበበ፤ የሁለተኛውን ሰው ስም። «ተቃውሞ ያለው?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።» ጎረቤቶቻችን አወጡ። እኛም ግራና ቀኝ ዐየንና አወጣን። ምን ቆርጦን ዝም እንላለን? የሚዛኑ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ነበር። እጁን አላወጣም፤ ጭብጨባው ሳያበቃ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተመረጠ» ተብሎ ተጻፈ። አንድ እጅ እንደጎደለ የቆጠረ የለም፤ ቢቆጠርም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ኮሮጆ አልተሰረቀም፣ ማንም አልተደበደበ፣ ማንም አልተገዛ። ታዲያ አንድ ነገር የተወሰደብን ሆኖ የሚሰማን ለምንድነው? ወይስ ማንም ሳይወስድብን ራሳችን የሰጠነው ነገር ነው?

እኛ የምንለው ይህንን ነው። ምርጫ ሁለት ክፍሎች አሉት። በአንደኛዋ ክፍል ስም ይሰየማል፤ በሁለተኛዋ ክፍል ስም ይቆጠራል። ስለ ሁለተኛዋ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ደምም ፈስሷል። ታዛቢ፣ ቀለም፣ ኮሮጆ፣ ቆጠራ፣ ሁሉም የእርሷ ነገር ነው። በመጀመሪያዋ ክፍል በር ላይ ግን ማን ቆሞ ያውቃል?

የአገራችን የምክር ቤት ወንበሮች ታሪክ በዚህ ዐይን ሲታይ መልኩ ይለወጣል። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በ1950 ዓ.ም ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን መረጠ። ሸቤ ያን ጊዜ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች። ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ ተወዳዳሪው ብቻውን ነበር የሚቆመው። ጭሰኛው ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ዕጩ ለመሆን ግን በዚያው የምርጫ ወረዳ ሕጉ በወሰነው መጠን ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። እንግዲህ ሁለተኛዋ ክፍል ለጭሰኛው ተከፈተችለት፤ የመጀመሪያዋ ግን ቁልፏ ከመሬቱ ጋር ነበር። ምርጫው በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም ቀጠለ፤ ያ ቁልፍም አብሮ ቀጠለ።

ደርግ መጣ፣ መሬቱም ላራሹ ሆነ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም ለብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫዎች ምርጫ ሲደረግ ለአንድ ወንበር ሦስት ዕጩዎች ቀረቡ። ሦስት! ከአንድ ይሻላል አይደል? ግን ሦስቱንም የሚጠቁሙት የሠራተኞች ፓርቲው አካላት፣ የብዙኃን ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። ከአንድ ወንፊት የወረዱ ሦስት ፍሬዎች ናቸው። መራጩ ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ ነፃ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወንፊቱን ግን አልመረጠም።

የዛሬውስ? በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በአንቀጽ 54 የሚለው ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጊዜ ቢያነበው መልካም ነው። ተወካዮቹ የሚገዙት ለሦስት ነገሮች እንደሆነ ይዘረዝራል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው። የመራጩን አመኔታ ያጣ አባልም በሕግ መሠረት ከቦታው እንደሚነሣ ይናገራል። ዝርዝሩን ደጋግመን አየነው፤ ፓርቲ የሚለው ቃል የለበትም። በሕይወት ግን ለተወካዩ ከሁሉ የቀረበ አለቃ ማን ነው? ስሙን የሰየመለት አይደለምን? እኛ ሰዎች እንግዲህ ውለታ እናውቃለን። ሺህ ሰው ምልክት ቢያደርግለት ሺውን በስም አያውቃቸውም፤ በዚያች ክፍል ተቀምጠው «እርሱ ይሁን» ያሉትን ግን በስምም በመልክም ያውቃቸዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም እነርሱን ነው የሚለምነው። ሕጉ ኅሊናውን ለሦስት ጌቶች ሰጠው፤ ውለታው ግን ወደ አራተኛው ያደላል።

ይህ ነገር ፉክክር ባለበት ቦታ ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም ቅንጅት በአዲስ አበባ ሃያ ሦስቱንም የምክር ቤት ወንበሮች ሲያሸንፍ ሁለተኛዋ ክፍል ምን ያህል ኃይል እንዳላት ሁሉም ዐይቷል። ግን በ2002 ዓ.ም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ዓ.ም ደግሞ 547ቱንም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በተደረገው ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ፤ በኦሮሚያ ኦፌኮና ኦነግ አስቀድመው ከውድድሩ ወጥተው ነበር። ምክንያቱን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ እርሱ ራሱ አንድ መጽሔት ይሞላል። የእኛ ነጥብ ሌላ ነው። አሸናፊው አስቀድሞ በሚታወቅበት አገር ምርጫው የሚካሄደው ዕጩ በሚሰየምበት ክፍል ውስጥ ነው። ከሰኔው ሰልፍ በፊት፣ ወንበር በሌለን፣ ድምፅ በሌለን ቦታ።

ይህን ያሰብን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በአሜሪካ አገር ቴክሳስ በምትባለው ግዛት ዴሞክራቱ ፓርቲ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያለ ተቀናቃኝ ያህል ያሸንፍ ነበር። ፓርቲው ዕጩዎቹን የሚለየው በቅድመ ምርጫ ነው፤ በዚህ ቅድመ ምርጫ ደግሞ ጥቁሮች እንዳይሳተፉ ከለከለ። በዋናው ምርጫ ግን ይምረጡ አለ። እዩት እንግዲህ ይህን ተንኮል! ነገሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ በ1935 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ ፓርቲ የግል ማኅበር ነው፣ አባሉን ራሱ ይወስናል ብለው በአንድ ድምፅ ለፓርቲው ፈረዱ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በሂዩስተን ከተማ የሚኖር ሎኒ ስሚዝ የሚባል ጥቁር የጥርስ ሐኪም ክሱን እንደገና አመጣውና በ1944 እ.ኤ.አ. ያው ፍርድ ቤት የራሱን ውሳኔ ሻረ። የመንግሥት ምርጫ አካል የሆነን በር የግል በር ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም ማለቱ ነው። ለእኛ የሚገርመን ስሚዝ የጠየቀው ነገር ትንሽነት ነው። ሥልጣን አልጠየቀም፤ ዕጩ ልሁንም አላለም። ስም ሲሰየም ልኑር አለ።

አሁን ደግሞ የሚቃወሙንን እንስማ፤ በመኝታ ክፍላችን ሌሊቱን ሙሉ ሲቃወሙን አድረዋልና።

አንደኛው ጓደኛችን «ዕድር ዳኛውን ሲመርጥ የጎረቤት ዕድር ገብቶ እጅ ያወጣል እንዴ?» አለን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፓርቲም የሰዎች ስብስብ ነውና የራሱን ሰው የመለየት መብት አለው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ዕድር የሚቀብረው አባሉን ነው፤ ግብር አይጥልብንም፣ ሕግ አያወጣብንም። በሁላችን ላይ ሕግ የሚያወጣ ሰው የሚሰየምበት ጉባኤ እንደ ዕድር ጉዳይ ሊቆጠር የሚችለው ሌላ እኩል በር ሲኖር ብቻ ይመስለናል። ብዙ ፓርቲ ተፎካክሮ በሚያሸንፍበት ወረዳ «በዚህ በር አትግባ» መባል አይከፋም። በሩ አንድ ብቻ በሆነበት ወረዳ ግን ያው ቃል «አገርህ ውስጥ አትግባ» ማለት ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «ፉክክር ቤት ያፈርሳል» ይላል። ሁለት የአንድ መንደር ሰዎች በአደባባይ ለአንድ ወንበር ከተፎካከሩ ከዚያ ወዲያ ቡና አይጠራሩም፤ ሰርግና ለቅሶ ይለያያል፤ ብሔርና ሃይማኖት የገባበት ጊዜማ ጣጣው ሌላ ነው። ይህን የሚሉት ፈሪዎች አይደሉም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቅድመ ምርጫ ያካሄዱት አሜሪካኖችም ቢሆኑ (ዊስኮንሲን ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀችው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው) ዛሬ ገንዘቡንና ስድቡን አልቻሉትም። ለዚህ የተሟላ መልስ የለንም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፉክክሩ የሌለ መስሎ ሲደበቅ ቂሙ አብሮ አይጠፋም። የሚዛኑ ሰው ኮፍያውን አድርጎ ሲወጣ ዐይተነዋል። በአደባባይ ተወዳድሮ ቢሸነፍ ምናልባት እጁን ይዘረጋ ነበር፤ ስሙ ሳይነሣ ሲቀር ግን ለማን ይዘርጋ?

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሦስተኛም ነበር፤ እርሱን ቶሎ እናልፈዋለን። ቦረናዎች በገዳ ሥርዓት መሪዎቻቸውን የሚለዩት ሥልጣን ከመያዛቸው ከዓመታት በፊት ነው፤ የሥልጣኑም ዘመን ስምንት ዓመት ነው። አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ገዳ በተጻፈው መጽሐፍ የሚወዳደሩት ሰዎች እንዴት እንደሚመረመሩ በሰፊው ገልጸውታል። በእኛው በጊቤ አገር ገዳን ነገሥታቱ ተክተውታል፤ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ምስክር ነው። እንግዲህ ይህ ነገር ፈረንጅ ያመጣው ሳይሆን ከእኛ ዘንድ የወጣ ነው ቢባል ይቀላል።

ከሸቤ መንገዱን ይዞ ጎጀብን የተሻገረ ሰው ቦንጋ ይደርሳል። በ2002 ዓ.ም ከነዚያ 547 ወንበሮች አንዱን በግል ዕጩነት የወሰዱት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከቦንጋ ነው የተመረጡት። ማንም ሳይሰይማቸው ራሳቸውን ሰይመው አሸነፉ ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን አብረን እንታዘብ፤ እርሳቸው የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ ስማቸውን አገር ያወቀው ሰው ናቸው። በለጤ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅም ሰው ራሱን ቢሰይም ማን ይሰማዋል? እንግዲህ ለእርሱ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ነው፤ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ስሙን የሚጠራለት።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር የሚያሳፍረው። የዚህን መጽሔት አዘጋጆችስ ማን መረጠን? አንባቢ ይቅር ይበለን። አምስት ሆነን በአንድ የሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ስማችንን ጻፍን፤ ከዚያ ክበቡ ተሰበሰበና አጨበጨበልን። ግጥም ከእኛ የተሻለ የሚጽፉ ሁለት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ስማቸውን እናውቅ ነበር። አላነሣነውም፤ ያነሣቸውም አልነበረም። የሚቀጥለው ምርጫ ሲደርስ የስም ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ለሁለት ሳምንት በክበቡ በር ላይ እንዲለጠፍ ተስማምተናል፤ ከእኛ አንዱ አሁንም እያጉረመረመ ነው።

ከሸቤ ልንመለስ ስንል የሚዛኑን ሰው ቤት ሄድን። ይቅርታ ልንለው ነበር፤ እንዴት እንደሚባል ግን አላወቅንም። ባለቤቱ ቡና አፈሉልን። አቦሉን ጠጣን፣ ስለ ዘንድሮው ዋጋ ተወራ። ቶናው መጣ፣ ስለ ትምህርታችን ጠየቀን። በመጨረሻ ከእኛ አንዱ ደፍሮ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን ራስዎ ተነሥተው አልተናገሩም?» አለው።

«ሰው ራሱን ይጠቁማል እንዴ?» አለ። «ነውር አይደለም? እኔ የጠበቅሁት ሌላ ሰው ስሜን እንዲጠራ ነው።» ሲኒውን አስቀመጠና አንድ በአንድ አየን። «እናንተ እዚያው ነበራችሁ አይደል?»

በረካው እስኪወርድ ድረስ ማናችንም መልስ አልሰጠነውም።