ግድግዳው ምን አጠፋ?

በሠፈራችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ አንድ ጥያቄ ሙስሊሙን አከራክሯል። ለዓመታት ቡና ቤት የነበረ ቤት ባዶ ሆኗል። አንዳንድ ወላጆች «ተከራይተን ልጆቻችን ቁርኣን ይቅሩበት» ይላሉ። ሌሎች «ያን ሁሉ ዓመት መጠጥ የተቀዳበት፣ ዝሙት የተፈጸመበት ቤት እንዴት መድረሳ ይሆናል?» ይላሉ። ለመሆኑ ኃጢአት ግድግዳ ላይ ይቀራልን?

የቤቱን ታሪክ እንመልከት። በንጉሡ ዘመን ሲሠራ ከፊት ባንኮኒ፣ ከጓሮ የሴቶች ክፍሎች ነበሩት። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች እንደሆኑት ሁሉ ወደ ቀበሌ ዞረ። አንድ ሰሞን የኅብረት ሱቅ ሆኖ፣ ቢራ በተቀዳበት በዚያው ባንኮኒ ላይ ስኳርና ሳሙና ተሸጠ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ «ግሮሰሪ» ተብሎ ወደ መጠጡ ተመለሰ።

ስሙንም ልብ እንበል። ቡና የየመን ሱፍዮች ለሌሊት ዒባዳ የሚነቁበት ነበር። በአገራችንም በክርስቲያኑ ዘንድ የእስላም መጠጥ ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲነቀፍ ኖሯል። ያ ስም ዛሬ ቢራና አረቄ ለሚሸጥበት ቤት መጠሪያ ሆኗል። ሰዎች አስካሪ መጠጥን በሌላ ስም እየጠሩ እንደሚጠጡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድመው ነግረውናል። ስም ቢለወጥ ብይን አይለወጥም። ሥራው ሲለወጥስ?

መልሱን ከመዲና እናገኛለን። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ አነስ (ረ.ዐ.) በአቡ ጠልሓ (ረ.ዐ.) ቤት የተምር መጠጥ እየቀዱ ሳለ የክልከላው ጥሪ ተሰማ። አቡ ጠልሓ እንዲደፋ አዘዙ፤ መጠጡም በመንገዶች ላይ ፈሰሰ። የታዘዘው መጠጡ እንዲደፋ እንጂ ቤቱ እንዲፈርስ አልነበረም። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ራሱ የሙሽሪኮች መቃብርና ፍርስራሽ በነበረበት ቦታ ላይ ነው የተሠራው። መቃብሩ ተነሣ፣ ፍርስራሹ ተደለደለ፣ ሶላት ተሰገደበት። እንግዲህ ያ ቡና ቤት ታጥቦና ጸድቶ መድረሳ ቢሆን ምን ነውር አለው?

ነገር ግን ክርክሩን እዚህ ላይ ብናቆም ራሳችንን እንሸነግላለን። ግድግዳ ከምንጸየፈው መካከል የፎቃችንን ምድር ቤት ለግሮሰሪ የምናከራይ የለንምን? «እኔ አልጠጣሁም፣ አልሸጥኩም» የሚለው ምላሽ የተለመደ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ ኃጢአቱ የተከራዩ የራሱ ሥራ ነው በማለት በተወሰነ ሁኔታ መፍቀዳቸው ይጠቀሳል፤ ይሁንና ታላላቆቹ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አልተስማሙም፤ የብዙኃኑ ዑለማእ አቋምም ክልከላ ነው። በሐዲስ በአስካሪ መጠጥ ምክንያት የተረገሙት አሥር ሲሆኑ ጠጪው አንዱ ብቻ ነው፤ ተሸካሚውና ዋጋውን የሚበላው ሳይቀሩ ተቆጥረዋል። የኪራዩን ምንጭ እያወቀ የሚቀበል ሰው ከእነዚህ ምን ያህል ይርቃል? ልብስ ሰፊ ወይም መጻሕፍት ሻጭ የግሮሰሪውን ያህል እንደማይከፍል አውቃለሁ። ፈተናው ያለውም እዚያ ልዩነት ላይ ነው።

በሱረቱ ዘልዘላ እንደተነገረን ምድር በዚያ ቀን ወሬዋን ትናገራለች፤ በጀርባዋ ላይ የተሠራውን ትመሰክራለች። ስለዚህ ቤት ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይደለም። ስለ ሰካራሙ የሚመሰክረው ወለል፣ ቁርኣን ስለሚቀራው ልጅም ይመሰክራል። ተጠያቂው ቁልፉን የሰጠው እጅ ነው። ወላሁ አዕለም።