«ያምራል» ስንል በማን ስም ነው?

እንጦጦ አናት ላይ ቆሞ አዲስ አበባን ቁልቁል ያየ ሰው አፉ ላይ ቀድማ የምትመጣለት ቃል «ያምራል!» የምትል ናት። ቃሏ ቀላል ትመስላለች። ካንት ግን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው፣ ስለ ውበት ፍርድ በሚመረምረው መጽሐፉ ሁለት ከባድ ነገሮች አግኝቶባታል። አንደኛ፣ አንድን ነገር ውብ ነው የምንለው «ምን ይጠቅመኛል?» ሳንል ስናየው ነው። ሁለተኛ፣ «ደስ ይለኛል» የሚል ስለ ራሱ ብቻ ይናገራል፤ «ውብ ነው» የሚል ግን በሰው ሁሉ ስም ይፈርዳል፤ ሌላውም እንዲስማማ ይጠብቃል። እንጦጦ ላይ እነዚህ ሁለቱ በቀላሉ አይስማሙም።

ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ለዓይን ተብሎ የተተከለ አይደለም። ከተማው ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ከወረደ በኋላ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ፤ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሳት ተደረሰ። ከተማዋን ባለችበት እንድትጸና የረዳት ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ቶሎ አዳጊ ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ «ተፈጥሮ» ብለን የምናደንቀው ደን እንግዲህ ከጥንቱም የምድጃ ቀለብ ነበር።

ያን ቀለብ ለብዙ ዘመን ወደ ከተማ ያወረደው ደግሞ የሴቶች ጀርባ ነው። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርድ ሴት የምታየው እግሯ የሚያርፍበትን ድንጋይ ነው። ከተማዋ ከፊቷ ተዘርግታለች፤ ቀና ብላ ልታያት ግን ሸክሙ አይፈቅድላትም።

በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ከነእግር መንገዱ፣ ከነብስክሌቱና ከነፈረስ ግልቢያው፣ ከነሬስቶራንቱ ሲከፈት ይህ ልዩነት ጎልቶ ወጣ። ለማየት የሚወጣ አለ፤ ለመኖር የሚወጣ አለ። ከውጭ አገር ለእረፍት የምንሄድ ሰዎች ከየትኛው ወገን እንደሆንን ግልጽ ነው።

ካንት ከሶስዩር ወስዶ የሚጠቅሰው አንድ የሳቮይ ገበሬ አለ። ገበሬው የበረዶ ተራራ ወዳጆችን ያለ ማመንታት «ሞኞች» ይላቸዋል። ካንት ነገሩን የሚያያይዘው ከአእምሮ አለመታነጽ ጋር ነው። እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው ገበሬው በዚያ ቀን ምን ያህል እንደ ደከመው ነው። ያልታነጸ ዓይንና ያላረፈ ዓይን ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ታዲያ አንይ? አይደለም። እኛ ደስታችንን ስለተውን ከማንም ጀርባ ላይ አንድ ጭራሮ አይወርድም። ከዚህ የከፋው ግን ሸክሙን ራሱን ትዕይንት ማድረግ ነው፤ ጎንበስ ያለችውን ሴት ከጀርባዋ ካለው ደን ጋር ፎቶ አንስቶ «ጠንካራዋ እናት» ብሎ መለጠፍ። ይህ ጥንካሬዋን ማክበር ይመስላል፤ ድካሟን ግን ከባሕር ዛፉ ጋር አብሮ ጌጥ ያደርገዋል። ሸክሙ ቢቀር እሰየው፤ እንጀራዋ አብሮ እስካልቀረ ድረስ። ደኑ መጠበቅ አለበት የሚለውም ክርክር እውነት ነው፤ ግን ደኑ የሚጠበቀው በማን ኪሳራ እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚቆም ክርክር ግማሽ ነው።

ወደ ካንት ሁለተኛ ሐሳብ ልመለስ። «ውብ ነው» የሚለው ፍርድ በሰው ሁሉ ስም የሚነገር ከሆነ በስሟም ተነግሯል ማለት ነው። ሳናስፈቅዳት በስሟ ከፈረድን ደግሞ ዕዳ አለብን፤ እሷም አይታ «ያምራል» ወይም «አያምርም» ለማለት የምትችልበት ዕድል። ያ ዕድል ተራ በሆኑ ነገሮች የሚሠራ ነው፦ ጀርባን የማያጎብጥ ሥራ፣ ምንም ሳይገዙ የሚቀመጡበት ወንበር፣ ማንም «ምን ፈልገሽ ነው?» የማይልበት አንድ ከሰዓት። እሷ እዚያ ተቀምጣ «ምኑ ያምራል?» ብትለንም መልሷን መስማት አለብን፤ በስሟ ስንናገር የቆየነው ይሁንታዋን ሳንጠብቅ ነውና።