ጳውሎስም ቤት ተከራይቶ ነበር

ንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 28፥16-31



ከዚህ ከአሊ አዴ ተነስቶ ጅቡቲ ከተማ ቤት የፈለገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ ደላላ ነው። ቀጥሎ ጥያቄ ነው፦ ስንት ናችሁ? ሥራ አለህ? ወረቀትህ የታለ? እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ሰጥቶናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሕግ ግን የአከራይን ልብ አይከፍትም። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሐምሌ ከበር በር ስትዞር፣ “ጌታ ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ቤት መሃል ለኔ አንድ ጥግ ጠፋ?” ትላለህ።

ወንድሜ፣ ይህን ያለቀስከው አንተ ብቻ አይደለህም። ጌታችን ሲወለድ በእንግዶች ማረፊያ ቦታ አልተገኘለትም (ሉቃ. 2፥7)። ካደገም በኋላ ራሱን የሚያስጠጋበት አልነበረውም (ሉቃ. 9፥58)። ስለዚህ ቤት አጥተህ ስትጸልይ የምትጸልየው ነገሩን ለሚያውቅ ጌታ ነው።

አሁን ጳውሎስን እንይ። ሮም የገባው እስረኛ ሆኖ ነው። እጁ በሰንሰለት ነው፣ አጠገቡ ወታደር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረው በኪራይ ቤት ነው። ታዲያ መጽሐፍ ስለዚያ ቤት ምን ነገረን? ስንት ክፍል እንደነበረው አልነገረንም። ኪራዩንም አልነገረንም። የነገረን አንድ ነገር ነው፦ ወደ እርሱ የሚመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ቤቱ የራሱ አልነበረም፣ በሩ ግን ክፍት ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ባልባላ ውስጥ ከሁለት ወንድሞች ጋር አንድ የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ከአከራያችን ጋር የተስማማነው ለሦስት ሰው ነው። አንድ ሌሊት በሩ ተንኳኳ። ከኦቦክ የመጣ ልጅ ነው፣ በአማርኛ “ወንድሞቼ፣ ለዛሬ ብቻ” አለ። እኔ ነቅቻለሁ። ግን “አራተኛ ሰው ካስገባን ያስወጡናል” ብዬ የተኛሁ መሰልኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ በሩ ሥር የተነጠፈ ካርቶን አገኘሁ። ልጁ ሄዷል።

ከረመና ነገሩን ለአከራያችን ነገርኳቸው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ቤታቸው ከኛ አሥር እርምጃ አይርቅም። “ለምን መጥተህ አልጠየቅኸኝም? እንግዳ እኮ የፈጣሪ ነው” አሉኝ። አፈርኩ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ የወቀስኩት ግን እሳቸውን ነበር።

ባልባላ ራሱ እንዴት እንደተነሳ ታውቃላችሁ? እንደ ፈረንጅ በ1966 የፈረንሳይ ገዥዎች ከተማውን በሽቦ አጠሩት። እንዳይገባ የተከለከለው ሰው ከሽቦው ውጭ በጣውላና በቆርቆሮ ጎጆ ቀለሰ። ዛሬ ያ ቦታ ትልቅ ሰፈር ነው፣ እኛንም አስጠግቶናል። ጌታም ከበር ውጭ መከራን ተቀበለ (ዕብ. 13፥12)። ደጅ የቀረ ሰው ለሌላው ደጅ የቀረ ሰው በር ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስድስት ሆነን ሦስት ነን አንበል፤ ውሸት የሚቀጥለውን ስደተኛ በር ይዘጋበታል። ኪራይ በቀኑ እንክፈል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በፍርሃት አንተኛ፤ ተነስተን ባለቤቱን እንጠይቅ። እምቢ ቢባል እንኳ ውሃ እንስጠው፣ ማደሪያ አብረነው እንፈልግ። ነገ ወደ ከተማ የምትወርዱ፣ ክፍል ስጠን ብላችሁ ስትጸልዩ ይህንንም ጨምሩበት።

ለቤት ውይይት፦ ማን በር ከፈተልህ? አንተስ ለማን ከፈትህ?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ማደሪያ ለሌለው ማደሪያ ስጥ። ለሰጠኸን ደግሞ በር የሚከፍት ልብ ስጠን። ያን ሌሊት ደጅ ያደረውን ልጅ ባለበት ጠብቀው። እኔንም ይቅር በለኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።