የግል ማኅደርና የኅሊና አደራ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል አገሬው። ምሳሌያዊ አነጋገሩ ዘወትር የሚጠቀሰው ጽሕፈትን ለማወደስ ነው። የተነገረ ነገር ከተናጋሪው ጋር ያልፋል፤ የተጻፈው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሰሙ ይህ ነው። «ይወረሳል» የሚለው ቃል ግን ወርቅም ይዟል። ልጅ የአባቱን ንብረት ሲረከብ ወረሰ ይባላል፤ ባለሥልጣንም የተፈረደበትን ሰው ሀብት ሲነጥቅ ያው ቃል ይነገራል። የተጻፈና የተቀመጠ ነገር ሁሉ በእነዚህ በሁለት ዕጣዎች መካከል ይኖራል። በአንድ በኩል የሚወደው ወራሽ ይጠብቀዋል፤ በሌላ በኩል በባለቤቱ ላይ ሊያዞረው የሚችል እጅ ያደባበታል።

እንግዲህ ሰው ከሕይወቱ ምን ማስቀመጥ፣ ምንስ መጣል ይገባዋል? ያስቀመጠውንስ ለማንና ስለምን ያስቀምጣል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን፣ ሰው ከራሱ ትናንት፣ ከሌሎች ሰዎችና ከሞቱም ጋር ያለውን ግንኙነት የሚነካ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ጉዳዩ በምርምር መልክ መታየት የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ በተቃረበበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካን ሳይንሳዊ ምርምር ሲመራ የነበረው መሐንዲስ ቫኒቨር ቡሽ በ«አትላንቲክ» መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የሰው ልጅ ዕውቀት በየቀኑ ሲከመር ከክምሩ ውስጥ የሚፈለገውን ማግኛው ዘዴ ግን ከጥንቱ ብዙም ፈቀቅ አለማለቱን አመለከተ። መፍትሔ ይሆናል ብሎ ያሰበው «ሜሜክስ» ብሎ የሰየመው ጠረጴዛ መሰል መሣሪያ ነበር። ባለቤቱ መጻሕፍቱንና ደብዳቤዎቹን በማይክሮፊልም ያስቀምጥበታል፤ አእምሮ አንዱን ነገር ከሌላው እያያያዘ እንደሚያስታውስ ሁሉ፣ እርሱም ሰነድን ከሰነድ በዱካ ያያይዛል። መሣሪያው ከሐሳብ አልፎ አልተሠራም፤ ሐሳቡ ግን ለኋለኞቹ ኮምፒዩተር ሠሪዎች መነሻ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ተመራማሪዎች ሰው ምን ቢያደርግ ይሻላል ከማለት ወደ ኋላ ብለው፣ ሰው በተጨባጭ ምን ያደርጋል ብለው መጠየቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ቶማስ ማሎን የተባለ አሜሪካዊ 10 የቢሮ ሠራተኞች ጠረጴዛቸውንና ክፍላቸውን እንዴት እንደሚያደራጁ ያጠናበትን ጽሑፍ አሳተመ። በየክፍሉ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አየ፤ ማኅደርና ክምር። ማኅደር ስም ወጥቶለት በተራው የሚቀመጥ ነው። ክምር ግን ስም የለውም፤ ወረቀት በወረቀት ላይ እየተደረበ ያድጋል። ማሎን ክምሩን በስንፍና ብቻ አልተረጎመውም። ወረቀቱ ዓይን ፊት የተተወው ባለቤቱን «ገና አልጨረስከኝም» ብሎ እንዲያስታውሰው ነው። ደግሞም ለአንድ ነገር ስም ማውጣት፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መወሰን፣ ለአእምሮ ከባድ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 እንግሊዛዊው ማርክ ላንስዴል የግል መረጃ አያያዝን ከሥነ ልቦና አኳያ መረመረ። በኋላም በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እነዊልያም ጆንስ የችግሩን እምብርት በማስቀመጥ ውሳኔ ላይ አገኙት። በዚህ ውሳኔ ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል፤ የማያስፈልገውን ያስቀምጣል፣ የሚያስፈልገውን ይጥላል። የትኛው ስሕተት እንደሆነ የሚታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ ፍርድ ሊመረመር ይገባል። በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛው የጠራ ሰው ታታሪና ሐቀኛ፣ ጠረጴዛው የተዝረከረከ ደግሞ ልቡም የተዝረከረከ ተደርጎ ይቈጠራል። ስቲቭ ዊታከርና ጁሊያ ሂርሽበርግ ቢሮ ሊቀይሩ የተዘጋጁ ተመራማሪዎችን የወረቀት ክምችት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ውጤት ግን ይህን ፍርድ ያናጋል። በማኅደር የሚያስቀምጡት ሰዎች ከከማሪዎቹ ይልቅ የበዛ ወረቀት አከማችተው ነበር፤ ያከማቹትንም የሚገልጡት ከእነርሱ ባነሰ መጠን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥቅሙ ገና ያልለየለት ወረቀት ስም ወጥቶለት ማኅደር ሲገባ መኖሪያ ያገኛል፤ መኖሪያ ያገኘውን ነገር ማስወጣት ደግሞ ያሳሳል። ከማሪው ግን ክምሩ በተናደ ቁጥር እንደገና ለመዳኘት ይገደዳል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «ተዝረክረኩ» የሚል አይደለም። ሥርዓት በራሱ የኅሊና ምስክር አለመሆኑን መገንዘብ ነው። ነገርን ከጊዜው በፊት መሰየም የመፍረድ ያህል ነው። ገጸ ባሕርይውን ገና ሳያውቀው «ክፉ» ብሎ የሰየመ ተውኔት ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ያን ሰው አያየውም፤ የሚያየው ስሙን ነው። ተማሪውን በመጀመሪያው ሳምንት «ሰነፍ» በሚል ማኅደር ያኖረ መምህርም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ነገር ክምር ሆኖ ዓይን ፊት መቈየቱ ለእውነት የቀረበ ነው።

ሁለተኛው ቅራኔ በማስቀመጥና በማስታወስ መካከል ያለው ነው። ፕላቶ «ፌድሮስ» በተባለው ድርሳኑ፣ ቴውት የተባለው አምላክ የጽሕፈትን ጥበብ ለግብጹ ንጉሥ ለታሙስ ሲያቀርብለት ንጉሡ ስጦታውን በጥርጣሬ እንደተቀበለው ይተርካል። ሰዎች በውጭ ምልክት ሲተማመኑ የውስጥ ትውስታቸው ይዳከማል፤ ያልያዙትን ዕውቀት የያዙ ይመስላቸዋል የሚል ነበር ስጋቱ። ንጉሡ ስለ ጽሕፈት የፈራው ዛሬ በየኪሱ ባለው ስልክ ላይ ይበልጥ ይሠራል። በአንድ ሠርግ ላይ በመቶ የሚቈጠር ፎቶግራፍ አንሥቶ አንዱንም ሳይመለከት ዓመት የሚያሳልፍ ሰው ጥቂት አይደለም። ማንሣቱን እንደ ማየት፣ ማስቀመጡን እንደ ማስታወስ ቈጥሮታል።

ሁሉን ማስቀመጥ መልካም ነው ብሎ እስከ ጫፍ የሄደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው አሜሪካዊው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ጎርደን ቤል በማይክሮሶፍት ኩባንያ ባካሄደው ምርምር ደብዳቤዎቹን፣ ፎቶግራፎቹንና የሥራ ወረቀቶቹን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ፤ በየጊዜው በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራም በአንገቱ አንጠለጠለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከባልደረባው ከጂም ገመል ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የፍጹም ትውስታን ዘመን አበሠረ። በዚያው ዓመት ኦስትሪያዊው ምሁር ቪክቶር ማየር ሾንበርገር ተቃራኒውን ተከራከረ። በእርሱ አስተያየት መርሳት ለኅብረተሰብ ጠቃሚ ጸጋ ነው፤ ምንም የማይረሳ መሣሪያ ሰውን በትናንት ስሕተቱ አስሮ ያኖረዋል፤ ስለዚህ መረጃም እንደ መድኃኒት የማብቂያ ቀን ሊኖረው ይገባል።

ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደሚያመዝን ለመፍረድ ሶቪየታዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመውን አነስተኛ መጽሐፍ ማስታወስ ይጠቅማል። ሉሪያ ለረጅም ዘመን የተከታተለው ሸረሸቭስኪ፣ በአንድ ወቅት የጋዜጣ ዘጋቢ የነበረ፣ የሰማውን ዝርዝር ከዓመታት በኋላም የሚደግም ሰው ነበር። መከራው መርሳት አለመቻሉ ነው። ሌሎች ላለመርሳት ስለሚጽፉ እርሱ ለመርሳት መጻፍን ሞከረ፤ የጻፈበትንም ወረቀት እስከ ማቃጠል ደረሰ። በከሰለው ወረቀት ላይ ግን ቁጥሮቹ አሁንም ይታዩት ነበር። ሁሉን የያዘ አእምሮ ፍሬውን ከገለባው መለየት ይሳነዋል። መጣልን የማያውቅ ማስቀመጥንም አያውቅም።

ይሁን እንጂ የመርሳትን ጸጋ ብቻ ማወደስ አደገኛ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው አባባል መርሳት የማን መብት እንደሆነ አጥብቆ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ የሚያቀርበው ማስረጃ መራራ ነው። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ፣ በየቤቱ መጻሕፍትና ጽሑፎች ተቃጠሉ፤ ተቀበሩ። ማስታወሻ ደብተር፣ ከጓደኛ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ፣ የስም ዝርዝር፣ ሁሉም ሰውን ሊያስገድል የሚችል ነገር ሆኖ ነበር። እናት የልጇን ወረቀት ብታቃጥል ልጇን ለማዳን ነው እንጂ ታሪክን ለማጥፋት አልነበረም። በሌላ በኩል ሥልጣን የያዘው ክፍል የራሱን ወረቀት አላቃጠለም፤ በማኅደር በማኅደር አስቀመጠው። በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም፣ የተፈረመባቸው ትእዛዞች ሳይቀሩ እነዚያው መዛግብት ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የዘር ማጥፋት ጥፋተኛነት ውሳኔ ሲሰጥ፣ ለመግዣ የተጻፈው ወረቀት በጻፈው ላይ መስክሮ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ የሟቾቹ ፎቶግራፎች በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ እዚያ የደረሰው ሊቃጠል ሲችል አንድ ሰው ስላስቀመጠው ነው።

ያቃጠለችው እናትና ያስቀመጠችው እናት ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ የሚችሉት እንዴት ነው? ሁለቱም የመዘኑት ወረቀቱን ሳይሆን በወረቀቱ ውስጥ ያለውን ሰው ስለሆነ ነው። ከዚህ አንጻር አንድ መለያ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። በዳይ የበደሉን ማስረጃ የመጣል መብት የለውም፤ ተበዳይ ግን ቂሙን የመጣል መብት አለው። ኃይለኛው ስለሠራው ሥራ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ደካማው ደግሞ ስለ እርሱ ከተያዘው መዝገብ የመጠበቅ መብት አለው። አንዱ ሰነድ በአንድ ጊዜ ማስረጃም አደጋም ሲሆን መለያው ይከብዳል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው «ይህን ወረቀት ነገ የሚያነበው ማን ነው?» የሚል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ትልቁ ነጥብ «የግል» የሚባለው መረጃ በእርግጥ የግል ብቻ አለመሆኑ ነው። በአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ ያለ ደብዳቤ ላኪው በእምነት የላከው ቃል ነው። በአንድ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ የሌሎች ሰዎች ፊት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመልእክት ልውውጥን መከበር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕግ ግን በየቤቱ መሳቢያ አይዘልቅም። መሳቢያውን የሚጠብቀው አገሬው «አደራ» ብሎ የጠራው ነገር ነው። የጥንት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ርስትና ስጦታ የሚመለከት ውል በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ፣ ምስክሮች ይቈጠሩበት፣ ለሚያፈርሰውም እርግማን ይታከልበት ነበር። ብራናው የተመረጠው ዕድሜው ስለሚረዝም ብቻ አይመስልም፤ በፊቱ መዋሸት ስለሚያስፈራም ነው።

አደራ ግን ሁልጊዜ ቃል በቃል አይፈጸምም። እ.ኤ.አ. በ1924 የሞተው ደራሲ ፍራንዝ ካፍካ ያልታተሙ ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉለት ወዳጁን ማክስ ብሮድን ለምኖት ነበር። ብሮድ አላቃጠለም፤ በዓመቱ «ችሎት» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ዓለም አንድ ታላቅ ሥራ አገኘ፤ አንድ ሟች የመጨረሻ ቃሉ ሳይፈጸምለት ቀረ። ብሮድን ማመስገንም መክሰስም ይቻላል። አንባቢ ከመጽሐፉ ያገኘው ደስታ ግን ለተሻረው ቃል ምላሽ አይሆንም። ብሮድን ከተራ ቃል አፍራሽ የሚለየው፣ ልመናውን ሳይሸሽግ ራሱ ይፋ ማድረጉ ነው። የሻረውን አደራ ጭምር አስቀምጦታል፤ ፍርዱንም ለአንባቢ ትቷል።

ስለዚህ ከምርምሩ የሚገኘው ጥበብ የተሻለ መሳቢያ ወይም የፈጠነ መፈለጊያ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ማሎን በክምሮቹ ያየው፣ ሉሪያ በከሰለው ወረቀት ያየውና ሙዚየሙ በግድግዳው የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ማስቀመጥ የእጅ ሥራ ሲሆን ማስታወስ የኅሊና ሥራ ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ሣጥኑን አልፎ አልፎ ከፍቶ የሌላውን ቃል ለባለቤቱ ቢመልስ፣ ቂም ብቻ የተጻፈበትን ቢቀድ፣ ለተበደለ ምስክር የሚሆነውን ግን በክፉ ቀንም ቢሆን ቢሸሽግና ቢጠብቅ አደራውን ተወጥቷል። ሳይከፍተው ቢሞት ሣጥኑን የሚከፍተው ወራሹ ነው፤ ወራሹም በዚያች ሰዓት የሚረከበው ሳይወሰን የተተወውን ውሳኔ ሁሉ ነው።