አክተር አይሞትም

በመካኒሳ አቦ አንድ የታክሲ ረዳት ነበር አሉ። ዕድሜው ሃያ አልሞላም። የሰፈሩ ሰው በስሙ አይጠራውም፤ «አክተር» ይለዋል። ይህን ስም ያወጣለት ፊቱ ነው። ጠዋት ሚኒባሱ ሲታጠብ በጎን መስታወቱ ራሱን እያየ ቅንድቡን ያጋጥማል፣ አንድ ዓይኑን ያጠባል፣ አገጩን ገፋ ያደርጋል። ያ ፊት ማታ ሒሳብ እስኪያስረክብ አይፈታም። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ሲጣራ እንኳ ድምፁን ከጉሮሮው ሥር ነው የሚያመጣው። ከልጅነቱ ጀምሮ ፊልም ሲያይ ልቡ የሚሄደው ወደ ጀግናው አልነበረም። ጀግናውን ወደሚያስጨንቀው፣ ፊቱ በጠባሳ ወደተሸነታተረው፣ ገና ከበር ሲገባ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ወደሚልለት ሰው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ትንሽ ሊስትሮ ሣጥኑን ከታክሲው በር አጠገብ አስቀምጦ የሰው ጫማ ይጠርጋል። ረዳቱ መጥቶ «አንሳ!» አለው። ልጁ የደንበኛውን አንድ እግር ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሮ ነበርና ቀና ሳይል «አንዴ፣ ልጨርስ» አለ። ረዳቱ ሣጥኑን በእርግጫ አለው። ቀለሙ አስፋልቱ ላይ ተደፋ፤ ብሩሹ ተንከባሎ ጎማው ሥር ገባና ሚኒባሱ ሲነሣ ተሰበረ። ደንበኛው አንድ ጫማው እያብረቀረቀ፣ አንዱ አቧራ እንደለበሰ ሄደ። ተራ አስከባሪው ሳቀ። ከተሰለፉት መካከልም አንዱ «አክተር እኮ ነው!» አለ።

ይህን ሁሉ ከሱቁ ደጃፍ ሆነው ያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አሁን ስኳርና ሳሙና ይሸጣሉ እንጂ ያ ሱቅ ዱሮ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ የቀኑ ፊልም በጠመኔ ደጅ ላይ የሚጻፍበት፣ የቡጢው ድምፅ እስከ ጎረቤት የሚሰማበት ቤት። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አረማመዱን የተማረው እዚያ ነው። ሽማግሌው ያን ዕለት ምንም አልተናገሩም። ማታ ረዳቱ ሲጋራ ሊገዛ ሲመጣ ግን «ቁጭ በል» አሉት።

«ደረቱ ላይ ባርኔጣ ያደረገች ሴት የተነቀሰውን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«ማቼቴን? እንዴት አላውቀውም ጋሼ! የሱን ፊልም ያየሁት እዚሁ እርስዎ ቤት አይደል እንዴ?»

«እኔ ቤት ያየኸው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ አላሳየሁህም።»

ሽማግሌው የነገሩት ይህን ነው። ዳኒ ትሬሆ እ.ኤ.አ. በ1944 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። እሱም እንደ ረዳቱ የሚመለከተው አክተር ነበረው፤ ግን ቤቱ ውስጥ ነው ያገኘው፤ አጎቱ ነው። አጎትየው ኮስታራ፣ የሚፈራ፣ ገንዘብ የማያጣ ሰው ነበር። ልጁ በ8 ዓመቱ ማሪዋና የቀመሰው፣ በ12 ዓመቱ ሄሮይን የጀመረው በዚሁ ሰው እጅ ነው። ፊቱን ሲኮርጅ ኑሮውንም አብሮ ወረሰ። ጎልማሳነቱን የጀመረው በካሊፎርኒያ እስር ቤቶች ነው። በሳን ኩዊንቲን የቦክስ ሻምፒዮን ሆነ። እዚያ የሚያስፈራ ፊት ትወና አይደለም፤ ሌሊቱን ለማደር የሚከፈል ዋጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 በሶሌዳድ እስር ቤት ረብሻ ተነሣ። ትሬሆ በወረወረው ድንጋይ ጠባቂ መታህ ተብሎ ብቻውን ተዘጋበት። ክሱ እስከ ሞት ሊያስፈርድ የሚችል ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ሰው የሚሸሸው ፊት ለማንም የማይጠቅም ሆኖ አገኘው። ስለት ተሳለ። ፈጣሪው በክብር እንዲሞት ቢፈቅድለት ስሙን በየቀኑ ሊጠራ፣ ለእስረኛ ወንድሙም የሚቻለውን ሁሉ ሊያደርግ ቃል ገባ። ክሱ ሳይጸና ቀረ፤ በ1969 ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ዕፅ አልነካም።

«ስለት ምን እንደሆነ አቦ ደጅ ላደግህ ልጅ አልነግርህም» አሉ ሽማግሌው። «የሱ ስለት ጧፍም ጃንጥላም አልነበረም፤ ሰው ነበር። ሱሰኛ ባለበት ሁሉ እየሄደ አብሮ ይቀመጣል፣ ይመክራል። አንድ ሌሊት፣ በ1985 ነው፣ ከሚረዳቸው ልጆች አንዱ ደወለለት። ፊልም የሚቀረጽበት ቦታ ተቀጥሯል፤ ኮኬይን በሽበሽ ነው፤ ልወድቅ ነውና ድረስልኝ አለው። ትሬሆ የሄደው ያንን ልጅ ሊጠብቅ ነው።»

ትወና ፍለጋ አልሄደም፤ ይህን እኔም ደግሜ እላለሁ፤ ታሪኩ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነውና። ቀረጻው ቦታ ላይ፣ ሳን ኩዊንቲን አብሮት ታስሮ የነበረ ኤድዋርድ በንከር የተባለ ጸሐፊ አየው፤ ቦክሱን አስታወሰ። ኤሪክ ሮበርትስ የተባለውን ተዋናይ ቦክስ እንዲያሠለጥን በቀን 320 ዶላር ቀጠሩት። ዳይሬክተሩ አንድሬ ኮንቻሎቭስኪ ደግሞ ፊቱን አይቶ ካሜራ ፊት አቆመው። «ራናዌይ ትሬን» የተባለው ፊልም ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ገጸ ባሕርያቱ ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ እስረኛ፣ ወሮበላ፣ ነፍሰ ገዳይ ነበሩ። «ዴስፔራዶ» መጣ፣ «ኮን ኤር» መጣ። «ማቼቴ» ወጥቶ ዋናው ተዋናይ ሲሆን 66 ዓመቱ ነበር።

ረዳቱ ዓይኑ በራ። «አዩ ጋሼ! አክተር አይሞትም።»

«እሱ ግን ይሞታል» አሉ ሽማግሌው። «ፊልም ላይ ከ60 ጊዜ በላይ ሞቷል ብለው የቆጠሩለት አሉ። ክፉ ሰው ሆኖ ከተጫወተ ያ ክፉ ሰው መጨረሻው ሞት ወይም እስር እንዲሆን ይፈልጋል። ልጆች ያዩታላ! እኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ ካሴት ሲያንቀው፣ ስንቱን ፊልም መጨረሻው ሳይደርስ አቋርጬ በትኛችኋለሁ።»

እዚህ ላይ ከአገራችንም አንድ ሰው ላንሳ። አበበ ባልቻ «ሰው ለሰው» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ አስናቀን ሆኖ ሲመጣ ስንት ቤት እራት ተቋርጦ ይረገም ነበር! ሰውየው በሙያው ጠበቃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በአገር ሙሉ የሚጠላ ሰው ሆኖ ማደርና በማግስቱ የሌላውን አቤቱታ ይዞ ችሎት ፊት መቆም ቀላል ሸክም አይመስለኝም። ለእንዲህ ያለው ተዋናይ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። እኛ ልናየው የማንፈልገውን ክፋት ተሸክሞ ያሳየናል፤ መብራቱ ሲጠፋም ክፋቱን እዚያው ትቶት ይወጣል።

ረዳቱ ግን የዋዛ አልነበረም። «እሱ ሀብታም ነው ጋሼ። እኔ ፊቴን ብፈታ ሒሳብ የሚከፍለኝ የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልከፍል ልውረድ የሚል ሰው ነው ያለው።»

«እውነትህን ነው» አሉት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አቦ ስትሳለም ሥዕላቸውን ስታይ መጀመሪያ የምታየው ምኑን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«አንበሶቹን።»

«60 አንበሳ፣ 60 ነብር። ሁሉም የሚያየው እነሱን ነው። ወፏንስ?»

«የምን ወፍ?»

«ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣዋን። ውኃ ጥም ያቃጠላት ወፍ ናት። ያን ሁሉ አውሬ ያስከተሉ አባት ለአንዲት ወፍ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ቆሙላት። በልጅነትህ ከአናትህ በላይ ተሰቅሎ የኖረ ሥዕል ነው፤ ሄደህ እየው።» ከዚያም ሲጋራውን ሳይሰጡት «ትሬሆ በ2019 ምን እንዳደረገ ልንገርህና ሂድ» አሉት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪና ተገልብጦ አንድ ሕፃን በመቀመጫው እንደታሰረ ቀርቷል። ሽማግሌው ተዋናይ በተሰበረው መስኮት በደረቱ ተስቦ ገባ። ቀበቶውን ከነበረበት በኩል መፍታት አቃተው፤ አንዲት ሴት በሌላው በኩል ገብታ ፈታችለት። ሕፃኑን አወጣው። አያቱ ገና መኪናው ውስጥ ነበረችና ልጁ ወደዚያ እንዳያይ ፊቱን አዞረው፤ ጡንቻቸውን እያሳዩ የኃያላን ጨዋታ ተጫወቱ። ያ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ፊት ለአንድ ሕፃን መጫወቻ ሆነ።

«ያ ሊስትሮ አሁን የት እንደሚሠራ ታውቃለህ?» አሉት በመጨረሻ። አላወቀም። «ጀርመን አደባባይ ሄዷል። እዚህ ደንበኛ ነበረው፤ እዚያ የለውም።»

በወሩ በ5 ረዳቱ አቦ ገባ። ወፏን አያት። በማግስቱ ብሩሽና ሁለት ቆርቆሮ ቀለም፣ ጥቁርና ቡኒ፣ ገዝቶ ጀርመን አደባባይ ወረደ። ሊስትሮው ከሩቅ ሲያየው ሣጥኑን ታቅፎ ሮጠ። በሌላ ቀንም ሄደ፤ ልጁ አሁንም ሮጠ። ረዳቱ ስንት ዘመን የለመደውን ፊት በአንድ ቀን ማውለቅ አልቻለምና፣ ፈገግ ሲልም ያስፈራ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ብሩሹንና ቀለሙን አጠገብ ካለች ሻይ ሻጭ ዘንድ አስቀምጦ «ለልጁ ስጪልኝ» ብሎ ሄደ።

ሊስትሮው መካኒሳ አቦ የተመለሰው ከክረምት በኋላ ነው። ረዳቱ ጫማውን እሱ ዘንድ ያስጠርጋል፤ ልጁም በአዲሱ ብሩሽ ይጠርግለታል። ከሌላው ሰው ሒሳብ የሚቀበለው ሥራውን ሲጨርስ ነው፤ ከረዳቱ ግን እስከ ዛሬ አስቀድሞ ይቀበላል።