ነገርን ከሥሩ፣ ሞተርን ከጎማው

ልጄ፣ ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ ነውና ምክሬን በተረት እያዋዛሁ ልንገርህ። የአሮጌውን የናፍጣ ሂሉክስህን የሞተር ጎማ ራስህ ልትቀይር ማሰብህ ደስ አሰኝቶኛል። በሜልበርን የጋራዥ የእጅ ዋጋ ውድ ነው፤ እጁን ለሥራ የዘረጋ ሰውም አያፍርም። ሥራው ከአቅምህ በላይ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለል፤ ብረት ሲወድቅ ዘመድ አይለይም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የናፍጣ ሞተር አመታቱ ከባድ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ዙር ቢዞር በሰከንድ 25 ጊዜ ይመታል፤ ያንን ሁሉ ንዝረት ውጦ ወደ ሻንሲው እንዳያልፍ የሚያደርገው በሁለት ብረት መካከል የተጣበቀው ጎማ ነው። ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፣ ከብረቱም ይላቀቃል። ያኔ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ «ዷ» ይላል።

ነገር ግን መንቀጥቀጥ ሁሉ የጎማ ጥፋት አይደለም። አንዱ ኢንጄክተር በትክክል ካልረጨ ሞተሩ ያነክሳል፤ አዲስ ጎማም አያድነውም። ስለዚህ ኮፈኑን ክፈትና በባትሪ ብርሃን ጎማዎቹን እያቸው። ሞተሩን አስነስቶ መሞከር ካስፈለገ ወዳጅህ ፍሬኑን አጥብቆ ይያዝ፤ አንተም ከመኪናው ፊት ሳይሆን ከጎን ቁም። ጎማው በዘይት ወይም በናፍጣ ርሶ ካገኘኸው መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቦታ ዝጋ፤ ዘይት ጎማን ያሟሟል፤ አዲሱንም ይበላብሃል።

መርካቶ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው አሮጌ ዕቃ መርጦ መግዛት ይችልበታል። ካምቢዮ ወይም በር ከሆነ ይሁን። የሞተር ጎማ ግን መኪናው ቆሞ እንኳ ያረጃል፤ አዲስ ግዛ። የግራና የቀኙን አብረህ ቀይር፤ የካምቢዮውንም ጎማ ሳታየው አትለፍ።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር እጅህም ራስህም አይግባ። በአውስትራሊያ የመኪና ማቆሚያ ብረቶች አስገዳጅ የደህንነት ደረጃ አላቸው፤ የሚሸከሙት ክብደትም ተጽፎባቸው ይሸጣሉ። ያንን አንብበህ ግዛ፤ ከሲሚንቶ ወለል ውጭም አትሥራ። የምትኖረው ፍሌሚንግተን ፎቅ ላይ ከሆነ የጋራው መኪና ማቆሚያ የዚህ ሥራ ቦታ አይደለም። ሰንሻይን ወይም ሜልተን ጋራዥ ያለው ቤት የያዘ ወዳጅ አይጠፋህምና ጠይቅ፤ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። ብቻህንም አትሥራ፤ ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የእግር ጎማዎቹን በታኮ ደግፍ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። የዘይት ኮፓው ስስ ቆርቆሮ ነውና ክሪኩን በቀጥታ አታስደግፍበት፤ ሰፊ ጣውላ መካከል አስገባ። ሞተሩን ክብደቱ ከጎማው ላይ እስኪነሳ ብቻ ቀስ አድርገህ አንሳው። ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን እንዳይነካ፣ የውሃ ቱቦና ሽቦም እንዳይወጠር እያየህ ይሁን። አሮጌውን ጎማ ፈትተህ አዲሱን ተካ፤ አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው እለፍ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትፍታ። ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅህ አስይዛቸው። ሞተሩ በክብደቱ ካረፈ በኋላ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ በሚያዝዘው ልክ አጥብቃቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ያጠበቅኸውን ጥቂት ከነዳህ በኋላ ደግመህ እየው።

የፈሰሰ ዘይት ካለ በውሃ አጥበህ ወደ መንገድ ቦይ አትልቀቀው። የሜልበርን የዝናብ ቦይ ሳይጣራ ወደ ወንዝና ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርዳል። ልጆችህ ማሪበርኖንግ ወንዝ ዳር ይጫወታሉ፤ ዘይቱን በዕቃ አጠራቅመህ ማዘጋጃ ቤቱ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰድ።

አገር ቤት ለቦሎ በየዓመቱ ምርመራ አለ። በቪክቶሪያ ግን የግል መኪና በየዓመቱ አይመረመርም፤ ምርመራ በዋናነት የሚጠየቀው ሲሸጥ ወይም ምዝገባው ተቋርጦ እንደገና ሲመዘገብ ነው። እንግዲህ የመኪናህ መርማሪ አንተው ነህ። ብሎን ከተሰበረ ወይም የጎማው ማሰሪያ ብረት ተሰንጥቆ ካገኘኸው ሥራውን አቁመህ ለባለሙያ ስጥ። ሙያን ማክበር ራስን ማሳነስ አይደለም፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ገንዘብ ሄዶ ይመለሳል፤ አንተን የሚተካ የለም። እጅህን ይባርከው፤ ከክፉም ይጠብቅህ።